ዴቫዳስ በማድራስ፦ የቤንጋሊው ልቦለድ እንዴት የታሚል ፊልም ሆነ?

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ዴቫዳስ የሚባል የ1953 የታሚል ፊልም አየሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንዱ ከቤንጋሊ ልቦለድ የተወሰደ ነው ይለኛል። ሌላው ደግሞ የለም፣ የቴሉጉ ፊልም ነው፣ ታሚሉ ትርጉም ነው ይላል። የቱን ልመን? ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ሰውዬው ፈሪ ነው። የሚወዳትን ልጅ በገዛ እጁ አጥቶ መጠጥ ውስጥ ይደበቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሕዝቡ እንዴት ወደደው? መጽሐፉንስ ልፈልግና ላንብብ ወይስ ፊልሙ ይበቃል?»

ምላሽ፦ የነገሩዎት ሁለቱም ሰዎች እውነት አላቸው፤ የያዙት ግን ግማሽ ግማሹን ነው። ታሪኩ ቤንጋሊ ነው። ፊልሙን የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ የነበሩ ቴሉጉ ተናጋሪዎች ናቸው። «ትርጉም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ካና ላይ እንደምናያቸው ድራማዎች ድምፁ ብቻ ተቀይሮ የወጣ ሥራ አይደለም። የቴሉጉውና የታሚሉ ፊልም ጎን ለጎን ነው የተቀረጹት።

በዚያ ዘመን ማድራስ የአንድ ቋንቋ የፊልም ከተማ አልነበረችም። በአራቱ የደቡብ ህንድ ቋንቋዎች፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በካንናዳና በማላያላም፣ የሚወጣው ፊልም ሁሉ እዚያው ይሠራ ነበር። አንድ አዘጋጅ ሁለት ገበያ ካሰበ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ይቀርጻል። አንድ ትዕይንት ይዘጋጃል፤ መብራቱና ዕቃው ቦታ ቦታውን ይይዛል። ተዋንያኑ መጀመሪያ በአንዱ ቋንቋ ይጫወቱታል። ከዚያ ያንኑ እዚያው ቆመው በሌላው ቋንቋ ይደግሙታል። የቤቱ ወጪ አንድ፣ ፊልሙ ሁለት ይሆናል። ዴቫዳስም በዚህ መንገድ ነው የተሠራው። ዋናዎቹ ተዋንያን በሁለቱም አሉ፤ አንዳንድ አጃቢዎች ተቀይረዋል። ቴሉጉው ጁን 26 ቀን 1953፣ ታሚሉ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1953 ለሕዝብ ቀረበ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ደራሲው ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ ይባላል። በ1876 በቤንጋል ሁግሊ አውራጃ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ዓመታት በርማ ውስጥ በጸሐፊነት እየሠራ ኖሯል። «ዴቭዳስ»ን የጻፈው በወጣትነቱ ነው። ታትሞ የወጣው ግን በ1917፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ ነው። እሱ ራሱ ብዙም አይኮራበትም ነበር፤ እንዲታተምም አላጣደፈም። ከሥራዎቹ ሁሉ በሲኒማ ደጋግሞ የተሠራው ግን ይኸው ነው።

ታሪኩን ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገር። ዴቭዳስ የባለርስት ልጅ ነው። ፓርቫቲ የጎረቤት ልጅ ናት። በልጅነታቸው እሱ ይመታታል፤ እሷ ደግሞ ለሌላው ሰው ዋሽታ ታድነዋለች። ልጁ ለትምህርት ካልካታ ይላካል። ሲመለስ ሁለቱም ለአቅመ ጋብቻ ደርሰዋል። የፓርቫቲ አያት ነገሩን ለልጁ እናት ታነሳላታለች። ምላሹ እምቢታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የኛ ሰው ሊያልፈው የሚችል ነገር አለ። ሁለቱም ቤተሰቦች ብራህማን፣ ማለት ከሂንዱ የዘር ደረጃ ከሁሉ ከፍ ያለው ወገን፣ ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለ? የፓርቫቲ ወገኖች ልጅ ሲድሩ ከወንዱ ቤት ገንዘብ ይቀበላሉ። ለእኛ ጥሎሽ ወግ ነው፤ የልጅቷም ክብር ነው። በዚያ ዘመን ቤንጋል ከፍ ባሉት ብራህማን ቤቶች ግን ይህ ሴት ልጅን እንደመሸጥ ይቆጠር ነበር። በዚያ ላይ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ለባለርስቱ ቤት ያ ራሱ ውርደት ነው። የፓርቫቲ አባት እልህ ይይዘውና በዕድሜ የገፋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት ሀብታም ይፈልግላታል።

ከዚያ የመጽሐፉ ትልቁ ምሽት ይመጣል። ፓርቫቲ ብቻዋን በእኩለ ሌሊት ተነስታ ዴቭዳስ ክፍል ትገባለች። በዚያ ማኅበረሰብ ይህ ከታወቀ ልጅቷ አለቀላት ማለት ነው። ዴቭዳስ ይነቃል። መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ነገር ስትመጣ ያያት ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። እሷ ስሟን፣ ክብሯን፣ ሁሉንም ይዛ መጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። እሱ አባቱን ያስባል። ሸኝቷት ይመለሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ካልካታ ይሄድና ደብዳቤ ይጽፍላታል። በደብዳቤው ከድሮም ያን ያህል አልፈለግሁሽም ይላታል። ደብዳቤውን እንደላከ ይጸጽተዋል፤ ግን አንዴ ሄዷል።

ሲመለስ በተራዋ እሷ እምቢ ትላለች። የእኔም ወላጆች ክብር አላቸው ትለዋለች። የያዘውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አንስቶ ግንባሯን ይመታታል። ደሟ ይፈሳል። ቁስሉን ራሱ ያስርላታል። ያ ጠባሳ ከእሷ ጋር ወደ ባሏ ቤት ይሄዳል። ይህን ትዕይንት ያነበበ ሰው ዴቭዳስን «የዋህ አፍቃሪ» ብሎ ሊጠራው አይችልም። ሳራት ቻንድራም እንዲያ እንድንጠራው አልፈለገም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ካልካታ፣ መጠጥ፣ በዘፈንና በጭፈራ የምትተዳደረው ቻንድራሙኪ። ይንቃታል፤ እሷ ግን ትወደዋለች፣ ሥራዋንም ትተዋለች። እሱ ጉበቱን ጨርሶ በባቡር ሲንከራተት ይቆይና በስተመጨረሻ በበሬ ጋሪ ፓርቫቲ የተዳረችበት ቤት ደጃፍ ይደርሳል። እዚያው ይሞታል። እሷ ውስጥ ሆና ደጅ ላይ አንድ መንገደኛ መሞቱን ትሰማለች። ማን እንደሆነ የምታውቀው በኋላ ነው።

ይህ መጽሐፍ ከቤንጋል ወደ ታሚል አገር የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። በ1928 ካልካታ ውስጥ ናሬሽ ሚትራ ድምፅ አልባ ፊልም አደረገው። በ1935 ኒው ቲያተርስ የተባለው የካልካታ ስቱዲዮ በቤንጋሊ ሠራው። ዳይሬክተሩም ዴቭዳስም ፒ. ሲ. ባሩዋ ነው። ወዲያው በሂንዲ ተደገመ፤ በዚህኛው ዴቭዳስን የሆነው ዘፋኙ ኬ. ኤል. ሳይጋል ነበር። የሳይጋል ዘፈኖች በሸክላ ወጥተው ቋንቋውን የማያውቀው ሕዝብ ዘንድ ሳይቀር ደረሱ። በ1937 ደግሞ ፒ. ቪ. ራኦ በታሚል ሠራው። ስለዚህ እርስዎ ያዩት የመጀመሪያው የታሚል ዴቫዳስ አይደለም፤ ሁለተኛው ነው።

የታሚል ሲኒማና የካልካታ ዝምድና የሚያስገርም አይደለም። የመጀመሪያው የታሚል ድምፃዊ ፊልም በ1931 ሲወጣ ማድራስ ውስጥ የድምፅ ስቱዲዮ አልነበረም። ስሪኒቫሳ ሲኒቶን የተባለው የተከፈተው በ1934 ነው። እስከዚያ ድረስ ተዋንያኑ ሻንጣቸውን ይዘው ቦምቤይ ወይም ካልካታ ይሄዱ ነበር። የካልካታን አሠራር፣ ታሪክና ዘፈን ያዩት በዓይናቸው ነው።

ሌላው መንገድ መጽሐፍ ነው። የሳራት ልቦለዶች በደቡብ ህንድ ቋንቋዎች በብዛት ተተርጉመዋል። በቴሉጉ ከተረጎሟቸው አንዱ ቻክራፓኒ ነው፤ በኋላ ማድራስ ውስጥ ትልቅ የፊልም ሰው ሆኗል። ቤንጋሊ የተማረው በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ማዳናፓሌ በሚገኘው የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ተኝቶ ሳለ ነው። ትርጉሞቹ ከመልካምነታቸው የተነሳ ሳራት የቴሉጉ ደራሲ የሚመስላቸው አንባቢዎች ነበሩ ይባላል። የ1953ቱ ፊልም ሠሪዎች እንግዳ ታሪክ አላመጡም። ተመልካቹ በየቤቱ ያነበበውን ነው ያሳዩት።

ያዘጋጀው ድርጅት ቪኖዳ ፒክቸርስ፣ አዘጋጁ ዲ. ኤል. ናራያና፣ ዳይሬክተሩ ቬዳንታም ራጋቫያ ነበሩ። ራጋቫያ በጭፈራ ድራማዋ ከምትታወቀው ከኩቺፑዲ የወጣ ዳንሰኛ ነበር። ዴቫዳስን የተጫወተው አኪኔኒ ናጌስዋራ ራኦ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያውቀው በተረት ጀግናነት ነበር፤ ሰይፍ ይዞ፣ ልዕልት ሲያድን። ይሄ ሰው እንዴት አድርጎ ሰካራም ይሆናል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እሱ በኋላ እንደተናገረው የስካሩ ትዕይንቶች የሚቀረጹት ሌሊት ነበር። እርጎ ያለበት ምግብ ጠግቦ ይበላና እንቅልፍ ሲጫጫነው ካሜራ ፊት ይቆማል። ዓይኑን አስተውለው ይዩት፤ የቆብ ክብደቱ ትወና ብቻ አይደለም።

አባቱን የሆነው ኤስ. ቪ. ራንጋ ራኦ ነው። ከልጁ የሚበልጠው በአምስት ስድስት ዓመት ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን ሲቆም፣ ሲዞር፣ ዝም ሲል የአንድ ሰፈር ጌታ ነው። ዴቫዳስ ፊቱ ላይ ቃል ሲጠፋበት ለምን እንደጠፋው ይገባናል።

እዚህ ላይ ጊዜውን ማወቅ ይረዳል። የማድራስ መንግሥት የዛሚንዳሮችን፣ ማለት የባላባቶቹን፣ ርስት የሚያስቀር ሕግ ያወጣው በ1948 ነው። ተመልካቹ በ1953 መጋረጃው ላይ የሚያየው ጌታ ከሲኒማ ቤቱ ውጭ እየከሰመ ያለ ጌታ ነበር። የቻንድራሙኪም ነገር እንዲሁ። ሴት ልጆችን ለቤተ መቅደስ ጭፈራ መስጠትን የሚከለክለው ሕግ በ1947 ወጥቷል። በዚያ አገር ጨፋሪ ሴት ክብር አላት ወይስ የላትም የሚለው የጦፈ የአደባባይ ክርክር ነበር። ሚናውን የወሰደችው ላሊታ ደግሞ ከታወቁት የትራቫንኮር እህትማማቾች አንዷ፣ የተማረች ዳንሰኛ ናት። ስትጨፍር የሚታየው የሙያ ኩራት ነው።

መጠጡማ ከሁሉ የባሰ ነው። ማድራስ ከ1948 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ መጠጥ የተከለከለበት ግዛት ነበረች። ፊልሙ ሲወጣ ዋና ሚኒስትሩ ራጃጂ ናቸው፤ ክልከላውን በ1937 በሳሌም አውራጃ የጀመሩት እሳቸው ናቸው፣ ሲኒማም አይወዱም። በእንዲህ ያለ አገር ነው የሰካራም ፊልም የወጣው። እንደኔ እይታ ይህ ፊልሙን ጠቀመው። የመጠጥን ጥፋት እያሳየ ስለሆነ ማንም ሊነካው አይችልም። ሰካራሙን ግን አይረግመውም፤ ያዝንለታል። ሁለቱም ዓይነት ተመልካች የሚፈልገውን አግኝቶ ይወጣል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ታሚሉ ፊልም ከወጣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1953፣ ቴሉጉ ተናጋሪዎቹ ከማድራስ ግዛት ተለይተው የአንድራ ግዛት ሆኑ። ማድራስ ከተማ ለማን ትሁን በሚለው ብዙ ደም ያፈላ ክርክር ነበር። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 1952 ፖቲ ስሪራሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ጾሞ ሞቷል። ፊልሙ የተሠራው በዚያ ግርግር መሃል ነው። ቴሉጉ ተናጋሪው ቡድን የቤንጋሊውን ታሪክ በታሚል ሲያቀርብ የታሚል ሕዝብ አቅፎ ተቀበለው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ፈሪውን ሰው ለምን ወደዱት?

መልሴ ዘፈኑ ነው የሚል ነው። ልቦለዱ ውስጥ ዴቭዳስ የሚናገረው ጥቂት ነው። የሚናገረውም ስህተት ነው። አባቱ ፊት ዝም ይላል፤ ፓርቫቲ ፊት ያልሆነውን ይላል። ልቡን የሚያውቅልን ተራኪው ነው። ሳራት መጽሐፉን የሚዘጋው በቀጥታ ለአንባቢው በመናገር ነው። ለዚህ ዕድለ ቢስ ሰው ጸልዩለት ይላል። ማንም ቢሆን ሲሞት የሚወደው ሰው እጅ ግንባሩን ሳይዳብሰው እንዳይሞት ይለምናል። አድንቁት አይልም፤ እዘኑለት ነው የሚለው።

ታዲያ ሲኒማ ይህን ተራኪ የት ያምጣው? ባሩዋ በ1935 መልሱን በቁርጥራጭ ምስል ፈለገ። ዴቭዳስ ባቡር ላይ በትኩሳት ሲጮህ፣ ፓርቫቲ በሩቅ ቤቷ ትደናቀፋለች፤ እሱም ከተኛበት ይወድቃል። ማድራሶቹ ደግሞ ለጋንታሳላ ድምፅ ሰጡት። ናጌስዋራ ራኦ አፉን ሲያንቀሳቅስ ከኋላ የሚዘፍነው ዘፋኝ ጋንታሳላ ነው። በታሚሉ ፊልም «ኡላጌ ማያም» የሚለውን ዘፈን መልሰው ያዳምጡ፤ ዓለም ከንቱ፣ ኑሮም ከንቱ የሚል ነው። ሰውዬው ሰክሯል፣ ግን ዜማው አይንገዳገድም። ጋንታሳላ ስካር አያስመስልም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይከፍተዋል። መሃል ላይ የትንፋሽ ያህል ይቆማል። እዚያች ክፍተት ውስጥ ያ ሁሉ ያልተባለ ነገር አለ። ለአባቱ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃተው ሰው እዚህ እውነቱን ሙሉ ይናገራል። የሚሰማው ግን የለም። ፓርቫቲ ሩቅ ናት፣ አባቱ የለም። የሚሰማው ተመልካቹ ብቻ ነው። ሰው ምስጢሩን ያካፈለዎትን ሰው መጥላት ይቸግራል።

የቴሉጉ ግጥሞቹን የጻፈው ሳሙድራላ ነው፤ ለታሚሉ አዲስ ግጥም ተጽፏል። ዜማው አንድ ስለሆነ ቃላቱ በዚያው ቤት መግባት ነበረባቸው። ዜማውን የደረሰው ሲ. አር. ሱቡራማን ፊልሙን ሳያይ በጁን 1952 ገና በ28 ዓመቱ ሞተ። የቀረውን ረዳቶቹ ቪስዋናታንና ራማሙርቲ ጨረሱት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በኋላ የታሚል ፊልም ሙዚቃን ለዓመታት የመሩ ናቸው። ሌላው የፊልሙ እንጉርጉሮ የኬ. ራኒ ነው። ራኒ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው ስንት መከራ ያለፈባት ሴት ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን በዴቫዳስ መናደድዎ ትክክል ነው፤ አይተዉት። የፊልሙ ደፋር ፓርቫቲ ናት። ሳቪትሪ ይህን ሚና ስትይዝ ገና ወጣት ነበረች፤ ስሟ ከፍ ያለውም ከዚህ ፊልም በኋላ ነው። ስታለቅስ ሳይሆን ለቅሶዋን ስትይዝ ይመልከቷት። እንደኔ አስተያየት ፊልሙን ደግሞ ማየት የሚገባው እሷን እየተከተሉ ነው። በሌሊት የሄደችው እሷ ናት፣ ዋጋውንም የከፈለችው እሷ ናት፤ ዘፈኑ ግን ለእሱ ተሰጠ። ይህን የፊልሙ ጉድለት ነው የምለው።

መጽሐፉን ያንብቡ። አጭር ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ በቀላሉ ይገኛል። በተለይ የሌሊቱን ምዕራፍና የመጨረሻውን ገጽ። ብዙዎቻችን ታሪኩን ያወቅነው በ2002ቱ በሻህሩክ ካን ፊልም ነው፤ እዚያ ፓርቫቲና ቻንድራሙኪ አብረው ይጨፍራሉ። መጽሐፉ ውስጥ ሁለቱ ጭራሽ አይገናኙም። የ1955ቱ የቢማል ሮይ ፊልም ደግሞ መንገድ ላይ ያስተላልፋቸዋል፤ ይተያያሉ፣ ቃል ሳይለዋወጡ ያልፋሉ። ቢማል ሮይ ለባሩዋ ፊልም ካሜራ ያነሳ ሰው ነበር። ከታሚሉ ቀጥሎ የትኛውን ልይ ካሉኝ ይህንን ነው የምመርጥልዎ።

የሳራትን ሌሎች ታሪኮች በታሚል ማየት ከፈለጉም አሉ። በ1958 የወጣው «ማላይዪታ ማንጋይ» ከ«ቻንድራናት»፣ በ1961 የወጣው «ካናል ኒር» ደግሞ ከ«ባርዲዲ» የተወሰዱ ናቸው። በሁለተኛው ላይ ናጌስዋራ ራኦን እንደገና ያገኙታል፤ አብራው ያለችው ባኑማቲ ናት።